በሬ ያሸጥኳቸው ገበሬ

"ሰው ረዳሽ" ሲሉኝ አፍራለሁ። ከደብረ ብርሃን ቢሮ እየተነሳሁ፣ ጦርነቱ ጥሎት በሄደው ፈንጂ አካላቸው የጎደለ ሰዎችን ሥራ ማስጀመር ነበር እንጀራዬ። አንዱን ግን ሥራ ያስፈታኋቸው እኔ ነኝ።

ከደብረ ሲና በላይ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ የአባቴ እኩያ። ሲያርሱ አንዱ በሬ የተቀበረ ቦምብ ረገጠ። በሬው እዚያው ቀረ፤ የእሳቸውም ግራ እጅ ተቆረጠ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ።

"አንድ በሬ ተርፎኛል። አንድ ጨምሩልኝና ልረስ።"

"በአንድ እጅ? እርፉን ይዘው ጅራፉን በምን ሊይዙ ነው ጋሼ?"

"ጅራፍ ምን ያደርግልኛል ልጄ፣ በሬዬ ድምፄን ያውቃል።"

ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁባቸው! የያዝኩት ቅጽ "ለአካል ጉዳተኛ ተስማሚ ሥራ" ብሎ ዶሮ እርባታ ይላል፤ በሬ የሚባል ነገር የለበትም። በዚያ አገር ዶሮ የሴት ነው፣ ወንድ እንቁላል ይዞ ገበያ ሲወጣ መሳቂያ ይሆናል። ይህን እያወቅኩ ሦስት ቀን ጨቀጨቅኳቸው። ዶሮዎቹን እኛ እንሰጣለን፣ ቤቱን ግን እርስዎ ይሠራሉ አልኳቸው። ለቆርቆሮና ለእንጨቱ በሬው ይሸጥ ያልኩትም እኔው ነኝ፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

በሬውን ጎረቤታቸው ገዛው፤ መሬቱንም እያረሰ ምርቱን ሊያካፍላቸው እሱው የእኩል ያዘው። የፈረንጅ ዶሮዎቻችን የዚያን ተራራ ብርድ አልቻሉትም። ፈንግል ገባና ክረምቱ ሳይወጣ አለቁ። ለቢሮ ብናገር "ሪፖርቱ እኮ ሄዷል" ተባልኩ። ሰውዬው እስከ ዛሬ "ከተቋቋሙት" ዝርዝር ውስጥ አሉ።

በእርሻ ወራት ተመልሼ ሄድኩ። ጎረቤትየው በሬውን ከራሱ በሬ ጋር ጠምዶ የእሳቸውን መሬት ያርሳል፤ እሳቸው ዳር ላይ ቁጭ ብለዋል።

"አጥፍቻለሁ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

 ተነሥተው ጎረቤታቸውን ገለል አደረጉና እርፉን በቀኝ እጃቸው ጨበጡ። "በል እንጂ!" ሲሉት የጥንት በሬያቸው ጆሮውን አቆመና ጎተተ፤ ሌላውም ተከተለው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ትልም አወጡ፤ አዙረውም ተመለሱ። ትልሙ ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ እርፉን ለባለበሬው አስረክበው እያለከለኩ ወደ እኔ መጡ።

"አየሽ?"

"አየሁ።"

"እንግዲያው ይህንንም ጻፊው" አሉኝና ጥለውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።