የኔታ ጆሮና የመዳብ ሰሌዳዎቼ

አባቴ ጆሯቸው እንደደከመ ያወቅሁት አንድ ተማሪያቸው ሲሳሳት ዝም ብለው ስላለፉት ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ልጠይቃቸው ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ሄጄ ነበር። አባቴ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። እኔም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት እግራቸው ሥር ተቀምጬ ስለተማርሁ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች «የኔታ» ነበር የምላቸው፤ «አባባ» ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።

የዚያን ቀን የሚያዜመው ከዱርቤቴ የመጣ፣ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ዲያቆን ነበር። መሐል ላይ አንዱን የዜማ ምልክት ዘለለው፤ ዜማው መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ወጣ። ከትምህርቱ ስንት ዓመት የራቅሁት እኔ እንኳ ለየሁት። የኔታ ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ቀጥል» አሉት። ዲያቆኑ ቀና ብሎ አየኝ። መሳሳቱን እሱም አውቆታል።

ወደ ጀልባው ሲሸኘኝ ስለ የኔታ ጆሮ ጠየቅሁት።

«ከሰኔ ጀምሮ ነው» አለኝ። «ጮክ ብለን ስናወራቸው ይሰማሉ። ዜማ ግን በጩኸት አይሆንም፤ ሲጮሁበት ይበላሻል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? የኔታ አይሰሙም ብዬ? ይህ ከተሰማ ተማሪው በሳምንት ውስጥ ወደየደብሩ ይበተናል።»

ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስለ ጆሮ መሣሪያ አማከርሁ። ከውጭ አገር ካልመጣ እንደማይገኝ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከውጭ የሚያመጣ ሰው ማግኘት እንደማይታሰብ ነገረኝ። እኔ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርሁ። ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እጠቀልላለሁ። ስለዚህ ድምፅ የሚያጎላ አንድ አምፕሊፋየር ሠርቼ ማይክሮፎኑን በተማሪው ፊት፣ ስፒከሩን በየኔታ ጆሮ አጠገብ ባደርገውስ ብዬ አሰብሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያበላሸሁት አሠራሩን ነው።

አንድ ማሽን ሊተክል መጥቶ የነበረ የውጭ አገር ባለሙያ ሲሄድ የተወልኝ መጽሔት ነበር። ቋንቋውን አላነበውም፤ ሥዕሉን ግን አነባለሁ። በውስጡ የሀምሳ ዋት አምፕሊፋየር ንድፍ አለ። ሀምሳ ዋት ማለት አንድ አዳራሽ ሕዝብ የሚያሰማ ድምፅ ነው። ለአንድ ሽማግሌ ጆሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ንድፉ ቆንጆ ነበር፤ ጉልበት ያለው መሣሪያ ሲጮህ ድምፁ አይሰነጠቅም ብዬም ራሴን አሳመንሁ።

ዕቃዎቹ የሚያያዙበትን ሰሌዳ የሚሸጥ ሰው በከተማው አልነበረም። አንድ ጎኑ ስስ መዳብ የተለበጠ ባዶ ሰሌዳ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አገኘሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መዳቡ ላይ መቅረት ያለባቸውን መስመሮች አሲድ በማይበላው ቀለም ትሥላለህ፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ትነክረውና ያልተቀባው መዳብ ሟሙቶ ይሄዳል፤ የተሣለው ብቻ የሽቦ መንገድ ሆኖ ይቀራል። ለቀለም የአክስቴን ልጅ የጥፍር ቀለም ወሰድሁ። አሲዱንና ጨርቅ የሚያነጣውን ፈሳሽ ደግሞ በፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል ቤተ ሙከራ ከምትሠራ ባልደረባዬ ለመንሁ። ድሬዳዋ ያደገች፣ ያሰበችውን ሳታሽሞነሙን የምትናገር ሴት ናት።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለችኝ።

ነገርኋት። ትርፍራፊውን በጠርሙስ ሰጠችኝና «ቤት ውስጥ እንዳትከፍተው» አለች።

ጓሮ ወጥቼ በሸክላ ሣህን ቀላቀልሁት። ጢሱ ዐይኔን አቃጠለው። ትንሽ ቆይቼ ብመለስ የጥፍር ቀለሙ እየተላጠ ፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋል። መስመሮቹ ሁሉ ተበልተዋል። የስድስት ቀን ሥዕል ነበር። ሰሌዳውን አንሥቼ ወደ አጥሩ ወረወርሁት፤ ከዚያ ግማሹ ይጠቅመኛል ብዬ ሄጄ ፈለግሁት።

ለሁለተኛው ሰሌዳ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁትና በየጊዜው አደረቅሁት። እንደ ታተመ መጽሐፍ ጥርት ብሎ ወጣ። ቀዳዳዎቹን በእጅ መሰርሰሪያ በሳሁ፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በእርሳስ በየድሁ። አንድ እሑድ ኤሌክትሪኩን ሰካሁት። ቷ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ድምፁን የሚያጎሉት ሁለቱ ትልልቅ ትራንዚስተሮች፣ ያን ያህል ለምኜ ያገኘኋቸው፣ በአንድ ቅጽበት ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ፈለግሁ። እያንዳንዱን ዕቃ ነቅዬ ለካሁ። ሁሉም ደኅና ነው። በመጨረሻ መጽሔቱንና ሰሌዳውን ይዤ ወደ ባልደረባዬ ሄድሁ። ኤሌክትሪክ እንደማታውቅ ነግራኛለች፤ ቢሆንም የማሳየው ሰው ፈልጌ ነበር። ሰሌዳውን አየችው፤ ገጹን አየችው።

«ይሄ ሥዕል ከየትኛው ጎን ታይቶ ነው የተሣለው?» አለችኝ።

«እንዴት ከየትኛው ጎን?»

«ዕቃው ከሚቀመጥበት ጎን ነው ወይስ ከመዳቡ ጎን?»

ገጹን ወደ መስኮቱ አንሥታ ከጀርባ በኩል አሳየችኝ። ያኔ ገባኝ። ሥዕሉ ከላይ፣ ከዕቃዎቹ በኩል የታየ ነው። እኔ እንዳለ መዳቡ ላይ ሣልሁት። ማኅተም ሲቀረጽ ፊደሉ ተገልብጦ እንደሚቀረጽ ሁሉ እኔም ገልብጬ መሣል ነበረብኝ። የትራንዚስተሮቹ እግሮች ሁሉ ቀኙ በግራ፣ ግራው በቀኝ ገብተዋል። እንዲህ ያለ ስሕተት ጀማሪ ቢሠራው ይቅር ይባላል። እኔ ግን በፋብሪካው አዲስ ለሚቀጠሩት ንድፍ አነባበብ የማስተምር ሰው ነበርሁ።

ትራንዚስተሮቹን ለመተካት አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነ። በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም። ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ስመለስ ማኅተም የያዘው ጓድ የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «የጉዞው ምክንያት» ከሚለው ፊት የጻፍሁት «ትራንዚስተር» ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። «የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ በማግሥቱ እሄድ ነበር። ወረቀቱ ሲሰጠኝ ወር አልፏል። ደብረ ማርቆስ አድሬ፣ ዓባይን ተሻግሬ ሄድሁ፤ መርካቶ ሁለት ቀን ዞሬ ሁለት ትራንዚስተር ይዤ ተመለስሁ።

አዲሱን ሰሌዳ ገልብጬ ሣልሁና ሠራሁ። ይህኛው ጮኸ። ሬዲዮ ባገናኝበት ጎረቤቱ ሁሉ ከቤቱ ወጣ። እኔም የዚያኑ ሳምንት ደስ ብሎኝ ዘጌ ሄድሁና ለየኔታ ነገርኋቸው። ባሕር ዳር መጥተው እኔ ዘንድ እንዲኖሩ፣ ተማሪዎቹም ተከትለዋቸው እንዲመጡ ለመንኋቸው።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የነገርኋቸው።

«ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን ይዘው ከተማ ሊለምኑ ነው?» አሉኝ። «ማን ያበላቸዋል? እኔስ ደብሬን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«ለጆሮዎ ብዬ እኮ ነው የኔታ።»

«ጆሮዬ እዚሁ ነው ያለው። የምትረዳኝ ከሆነ እዚሁ አምጣው።»

ዘጌ ኤሌክትሪክ የለም። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስሠራው ግን ይመጣሉ ብዬ ስለ ወሰንሁ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። በመመለሻዬ ጀልባው ላይ ከራሴ ጋር ስጣላ ቆየሁ።

ከመኪና ባትሪ እንዲሠራ አድርጌ እንደገና ሰሌዳ ሠራሁ። ከአንድ ሹፌር ባትሪ አገኘሁ። ሁሉንም በእንጨት ሣጥን አድርጌ ወደ ጀልባው ማረፊያ ስሄድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስቆመኝ።

«ክፈተው። ምንድን ነው ይህ?»

«የድምፅ ማጉያ ነው። አባቴ ጆሯቸው አይሰማም።»

ሽቦዎቹን በጣቱ ነካካ። «ከማን ጋር ነው የምትገናኝበት?»

«ከማንም። የሬዲዮ ማሰራጫ አይደለም።»

«ማሰራጫ ነው አላልሁህም» አለኝ። «ራስህ ነህ ያልኸው።»

ሣጥኑ ተወሰደ። እኔን በዚያው ቀን ለቀቁኝ፤ በዚያ ዘመን ይህ እንደ ዕድል ይቆጠር ነበር፤ ለዚህም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጽፌ፣ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ደጅ ጠንቼ፣ ከወር በላይ ቆይቶ ተመለሰልኝ። ውስጡን ለማየት ፈትተውታል። ሰሌዳው መሐሉ ላይ ተሰብሯል። የስፒከሩ ወረቀት ተቀድዷል። የሰጠኝ ሰው «ፈርም» አለኝ፤ «ዕቃዬን በደኅና ተረክቤአለሁ» በሚለው ሥር ፈረምሁ።

ስብርባሪውን ለባልደረባዬ አሳየኋት። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር።

«ስንት ዋት ነው ያልከኝ?» አለች።

«ሀምሳ።»

«አባትህ አንድ ሰው ናቸው ወይስ የሰልፍ ሕዝብ?»

ተቆጣሁ። ኬሚካል ከመቀላቀል በቀር ምን ታውቂያለሽ አልኋት፤ እሷም ጠርሙሷን አንሥታ ሄደች። አንድ ሳምንት ሳንነጋገር ቆየን። በዚያ ሳምንት ግን ቁጭ ብዬ አንዲት ትንሽ፣ መዳፍ የምታህል፣ አራት ትራንዚስተር ብቻ ያላት ሰሌዳ ነደፍሁ። አሲዱን ለመጠየቅ ስሄድ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «እሺ» ብላ ሰጠችኝ። ሰሌዳዋ በሦስት ቀን አለቀች።

የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ለጥበቃው አሳይቼ ዘጌ ስደርስ ዓመቱ ዞሮ ኅዳር ሆኗል። ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ። ማይክሮፎኑን ለዲያቆኑ ሰጥቼ ስፒከሩን የኔታ አጠገብ አኖርሁና ከፈትሁት። ወዲያው ያፏጭ ጀመር፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት። የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ እየገባ ነው። የኔታ ሁለት ጆሯቸውን ያዙ። ተማሪዎቹ ሳቁ። «ይኸን እንኳ ሰማሁ» አሉ፤ እሳቸውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። እኔ ግን ሽቦውን ነቅዬ ከዛፎቹ ሥር ሄጄ ተቀመጥሁ።

በማግሥቱ ረጅም ሽቦ ቀጠልሁ። የኔታ ከነስፒከሩ እቤት ውስጥ፣ ዲያቆኑ ከነማይክሮፎኑ ውጭ፣ በመካከላቸው የጭቃው ግድግዳ። ፉጨቱ ጠፋ። ዲያቆኑ ያለ ጩኸት፣ በልኩ ያዜም ጀመር። ያችው ቦታ ሲደርስ ዜማው እንደገና ወደ ላይ ወጣ።

«ተመለስ!» አሉ የኔታ ከውስጥ።

ደገመው። ለምዶበት ኖሮ እንደገና ተሳሳተ።

«ውረድ እንጂ። ተመለስ!»

በሦስተኛው አስተካከለው። የደስታዬ ጊዜ ይህ ነበር፤ ከዚያ የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትለው?» አሉት።

ዲያቆኑ እግሩን አየ። «ካቻምና ከሰኔ ጀምሮ፣ የኔታ።»

«ሌሎቹስ?»

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የኔታ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «አንድ ዓመት ተኩል» አሉ ለራሳቸው። «እኔ እኮ ደኅና የሚሉ መስሎኝ ነው ሳሳልፋቸው የቆየሁት።» ከዚያ ሁሉም ከዚያ ሰኔ ጀምሮ የተማሩትን እንደገና እንዲያሰሙ አዘዙ። የጨረሰው ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሁለት ተማሪዎች ተበሳጭተው ሄዱ፤ አንደኛው ሲሰናበት እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። መሣሪያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ባትሪው በየሳምንቱ ይደክም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶውን በጀልባ አምጥቼ፣ አስሞልቼ እሑድ እመልሰዋለሁ። አሲዱ ሁለት ሱሪ በልቶብኛል። ጀልባ ነጂው ከሰው ራቅ አድርጌ እንዳስቀምጠው በመጣሁ ቁጥር ይነግረኛል። ይሁን እንጂ የኔታ እስከ ሚያዝያ አስተማሩበት። ዲያቆኑ የወደቀበትን ሁሉ አነሣ።

ከትንሣኤ በኋላ አንድ እሑድ ባትሪውን ሳገናኝ እጄን ያዙኝ።

«ባትሪውን አታድክመው» አሉኝ። «ድምፁ ይመጣል። ቃሉና ዜማው ግን አልለይልህ አለኝ።»

«ሌላ እሠራለሁ የኔታ። የተሻለ ማይክሮፎን...»

«አይ። ጆሮው ነው። ተማሪዎቹን ዲያቆኑ ያስተምራቸው፤ አሁን ያውቀዋል።»

ሣጥኑን ይዤ ተመለስሁ። ሰኞ ባልደረባዬ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሣጥኑን መልሰው ሰጡኝ» አልኋት።

«አልሠራም?»

«ሠርቷል። አምስት ወር ሠርቷል።»

«ታዲያ ምን ያናድድሃል?»

መጀመሪያ ልነግራት አልፈለግሁም። ኋላ ግን ነገርኋት። ያችን ትንሿን ሰሌዳ በሦስት ቀን ነው የሠራኋት። ዕቃዎቿ ሁሉ መጀመሪያውኑ ቤቴ ነበሩ፤ አንዱን እንኳ ለመግዛት አዲስ አበባ አልሄድሁም። በመጀመሪያው ጥቅምት ብሠራት ኖሮ የኔታ ጆሯቸው ገና ይሻል ነበር፤ አምስት ወር ሳይሆን አንድ ዓመት ተኩል ይሰሙባት ነበር። እኔ ያን ዓመት ያጠፋሁት አዳራሽ የሚያንቀጠቅጥ አምፕሊፋየር ስሠራ ነው።

ባልደረባዬ የያዘችውን ብርጭቆ አጥባ ደፋችው።

«ለአምስቱም ወር ቢሆን ደርሰሃል» አለችኝ።

ልታጽናናኝ እንደፈለገች አውቃለሁ። ከእሷ ዘንድ ወጥቼ ወደ ሥራ ክፍሌ ሄድሁ፤ አንድ ሞተር ተቃጥሎ ይጠብቀኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱን ስጠቀልል ዋልሁ።