የቺያንግ ማይ ሣጥን በአውሮራ አየር

ከታይላንድ የሚመጣ የቱሪስት ዕቃ ዓመት አይቆይም ይባላል። ሐሰት ነው። ዓመት የማያቆየው የእኛ ቤት ነው። ሰው ገበያ ውስጥ ዓይቶ፣ ዳስሶ፣ ተከራክሮ ይገዛና ዴንቨር ሲደርስ ዕቃውን የሂተሩ ቬንት፣ ሙቅ አየር የሚተፋው ቀዳዳ፣ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሲሰነጠቅ «ተታለልኩ» ይላል። እኔ ግን በዚህ ቅሬታ ልጆች አሳድጌበታለሁና ብዙ ልወቅስ አይገባኝም።

ሥራ የጀመርኩት ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባለች ትንሽ የዕቃ ጥገና ሱቅ ነው። ባለቤቱ ሃል የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ ብዙ ስላነበብኩ እንጨት የሚያስቸግረኝ አልመሰለኝም። በመጀመሪያው ቀን መዶሻ ወይም መሮ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሰዓት የሚመስል ክብ የእርጥበት መለኪያ ሰጠኝና ሱቁን ዙረህ የሚያሳየውን ንገረኝ አለኝ። ዞርኩ። መርፌው ከታች፣ «ደረቅ» የሚለው ላይ፣ አልነቃነቅ አለ። ተበላሽቷል አልኩት።

«አልተበላሸም» አለኝ፤ «ኮሎራዶ ነው።»

ከዚያ ከግንባሩ እስከ ሆዱ የተሰነጠቀ የታይላንድ ዝሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ምን እንደሚታየኝ ጠየቀኝ። ርካሽ እንጨት አልኩ። እንጨቱ አንተ ከተቀመጥክበት ወንበር ይበልጣል አለኝ። ዝናብ ጠጥቶ ያደገ ነው፤ እዚህ ሲመጣ ውኃውን ይሰጣል፤ ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ሲጠብ መሰንጠቅ ግድ ይሆንበታል። የዚያ ሳምንት ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር።

ለብዙ ጊዜ ሥራዬ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነበር። ቆይቶ ኮላ ፈቀደልኝ። ላከር ግን ለራሱ ያዘ። ላከር የምለው ፋብሪካ የሚያመርተውን ቫርኒሽ ሳይሆን፣ ታይላንዶች ከዛፍ የሚቀዱትን ጥቁር ሙጫ ነው። በቀርከሃ በተሠራ ዕቃ ላይ በስሱ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይፈተጋል፣ እንደገና ይቀባል። እኔን ያስገረመኝ ማድረቂያው ነው። ሃል ከሱቁ ጀርባ ሥራ ያቆመ አሮጌ ፍሪጅ ነበረው፤ ውስጡ እርጥብ ፎጣ ሰቅሎ የተቀባውን ዕቃ እዚያ ይዘጋበታል። ለማድረቅ ማርጠብ? በልቤ ሽማግሌው ጃጅቷል አልኩ።

እስኪ ልፈትነው ብዬ፣ ሳልነግረው ሁለት የቀርከሃ ስባሪ ቀባሁና አንዱን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ፣ አንዱን ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጥኩ። የመስኮቱ ሳምንታት ቆይቶም ጣቴ ላይ ይለጠፋል። የፍሪጁ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ይህ ሙጫ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው። ያን ቀን ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ፍሪጁን አከበርኩ።

ሃል ጡረታ ሲወጣ ሱቁን ለእኔ ተወልኝ። ዕድሜዬን ስጠግነው የኖርኩትን ዕቃ በአገሩ ልየው ብዬ ከባለቤቴ ጋር ቺያንግ ማይ ሄድኩ። ከመሄዳችን በፊት የማውቀው ሰው ሁሉ ስለ ዋጋ ክርክር መከረኝ፦ ግማሽ ጥራ፣ ጥለህ ሂድ፣ ይጠሩሃል። መከራከር የሚችል ሁሉ ዕቃ የሚያውቅ ይመስለዋል። የማታው ገበያ ውስጥ ዝሆን የታተመበት ሰፊ ሱሪ በክርክር ገዛሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

በማግሥቱ ከከተማ ወጣ ወዳለ ሠሪዎች መንደር ሄድን። ፓ ኖይ የምትባል ሴት ነበረች፤ ፓ ማለት በእነሱ አክስት ማለት ነው። ከወረቀት ብዙ የማይወፍር የቀርከሃ ልጥ እየጠቀለለች ክብ ሣጥን ትሠራለች። አንድ ያለቀለት አነሳች፣ ክዳኑን አፉ ላይ አስቀመጠችና እጇን አነሳች። ክዳኑ እዚያው ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ፣ ቀስ እያለ ወረደ። መግጠሚያው በጣም ልክ ከመሆኑ የተነሳ ውስጥ ያለው አየር እስኪወጣ መጠበቅ ነበረበት። በሕይወቴ ካየኋቸው ካቴድራሎች በአንዱም እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም። የጠየቀችኝን ከፈልኩ። ባለቤቴ ምነው አልተከራከርክም ስትለኝ፣ የቱን ልቀንስ አልኳት።

እትዬ ስንዱን ወደዚያ የላክኋት እኔ ነኝ። ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ የምትሠራው እንግልውድ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ወንበሮቿን ስለጠገንኩላት እንተዋወቃለን። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ታይላንድ ልትዝናና ስትል ለልጇ ለማክዳ ሠርግ የሚሆን ነገር ጠየቀችኝና የፓ ኖይን መንደር ነገርኳት። መሶብ የሚያህል ባለክዳን ሣጥን ገዝታ መጣች።

የሠርጉ ሳምንት በፎጣ ጠቅልላ አመጣችውና ሰላምታ ሳትሰጠኝ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«ደረጀ፣ አንተ ነህ የላክኸኝ» አለች።

ከአፉ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ክዳኑን ብሞክረው ኳ ብሎ ወደቀ። ፓ ኖይ እንዴት አቅፋ እንደሸኘቻት፣ በአስተርጓሚ «እህቴ» እንዳለቻት ነገረችኝ። በሳቅ የተሸፈነ ሌብነት ነው አለች። ማክዳ ፎቶውን ለጥፋ፣ ከአምስት አንድ ኮከብ ሰጥታ፣ አጭበርባሪ ናት ብላ ኢንተርኔት ላይ ጽፋለች። ፓ ኖይ የምትኖረው በእኔና በእትዬ ስንዱ ዓይነት መንገደኛ ነው።

እንዴት እንደያዘችው ጠየቅኋት።

«እንዴት ማለት? እንደ ሕፃን ነዋ። እሑድ እሑድ ከቸርች ስመለስ ክዳኑን አንስቼ በረንዳ ላይ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። መሶብ እንዲህ ካልተያዘ ይሻግታል፣ አታውቅም?»

አውቃለሁ። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ለእኛ መሶብ፣ በእኛ ክረምት፣ ትክክል ነው። ያጋጥማል ብዬ ልሸኛት እችል ነበር። ትልቅ ሰው ናት፣ ልቧም ተሰብሯል። ግን ባሕር ማዶ የሌላ ሴት ስም ተሰብሮ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ኮሎራዶ ሻጋታ የለም» አልኳት። «የሰነጠቀችው ፀሐይዋ ናት።»

ሣጥኑን ብዙ አየችው። «እኔ ነኝ በለኛ» አለች።

«እርስዎና ኮሎራዶ።»

ስልኳን አውጥታ ለማክዳ ደወለች። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ስለ ገዢ መብት ረዘም አድርጋ አስረዳች። መጨረሻ ላይ «ማሚ፣ ዲሊት ላድርገው? ሹር ነሽ?» ስትል ሰማኋት።

«አንሺው። ሴትየዋ ምንም አላደረገችም።»

ስልኩን ዘግታ ለቅዳሜው ሠርግ አድርስልኝ አለችኝ። አይደርስም አልኳት። ጥቁር የጥፍር ኔይል ፖሊሽ ቀባባበትና ስጠኝ፣ ማን ያያል አለች። ስንጥቁን ይደብቀዋል፣ ክዳኑን ግን አያወርደውም አልኳት፤ ፍሪጁንም ከፍቼ አሳየኋት። «የልጄን ስጦታ እዚህ የሞተ ፍሪጅ ውስጥ ልትከተው ነው?» አለች። ቢሆንም ክዳኑን ብቻ ይዛ ሄደች።

ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ስጦታ የመስጠት ተራዋ ሲደርስ እትዬ ስንዱ ባዶ ክዳን ሙሽሪት ጭን ላይ አኖረች። የሙሽራው አክስት ጎንበስ ብላ ሌላውስ ስትላት «ፍሪጅ ውስጥ ነው» አለች።

ሣጥኑን ሳልነካው ፍሪጁ ውስጥ አቆየሁት። ቀርከሃው ውኃውን መልሶ ሲጠጣ ስንጥቁ ራሱ ገጠመ። ይህን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ስንጥቁን ነው። ከዚያ በስሱ ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ፈተግሁ፣ ደግሜ ቀባሁ። ሙሽሮቹ የሠርግ ፎቷቸው ደርሶላቸው፣ ሣጥኑ ገና ነበር።

ሲያልቅ እናትና ልጅ ክዳኑን ይዘው መጡ። ፀጉር የሚያህል መስመር ቀርቷል፣ አልደበቅኩትም። ማክዳ ክዳኑን አፉ ላይ አስቀምጣ እጇን አነሳች። ቆመ። ሲዘገይብኝ አልተሳካም ብዬ ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

«ዌይት፣ ቆዩ» አለች ማክዳ።

ዞር ስል ክዳኑ እየወረደ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ በራሱ። አነሳችና ደገመችው። እትዬ ስንዱ ለራሷ ይሁን ለእኛ ሳይለይ «ሴትየዋ እዚያም እንዲሁ ነው ያደረገችልኝ» አለች።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ዕቃ የተሠራበትን አየር እንደሚፈልግ ነው፤ ሌላ የለም። አሁን ማንበብ አቁሙና ሳሎን ግቡ። ከታይላንድ ያመጣችሁት ቬንቱ አጠገብ ካለ አንሱት።