እጄ የገባበት ስንጥቅ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልነግር ሦስት ክረምት አሳልፌአለሁ። እናንተ ስሙኝ፤ አትዘኑልኝ።

ማንበብ ያስተማረኝ የለም፤ የተማርሁት በራሴ ነው። በመንደራችን ክርክር ሲነሣ የሚረታኝ አልነበረም። ልጆቼንም ያሳደግሁት "ምክንያት የሌለው አፉን ይዝጋ" እያልሁ ነው።

የጎረቤቴ የአያሌው ቤት ከማሳዬ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ገብሴ ላይ ውሃ እንዳይተኛ በማረሻ ፈሰስ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ አወጣሁ፤ ውሃው በአያሌው ጓሮ ወረደ። ከሰሰኝ አልልም፤ ለመነኝ እንጂ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ "አያ ታደሰ፣ የዘንድሮን ብቻ በወዲያ በኩል ያውርዱልኝ። መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ምሽቴም ፈርታለች" አለ።

"ስንጥቁ በእኔ ውሃ እንደመጣ በምን አወቅህ? ማን አየ? አምና አልዘነበም ነበር? ውሃ ቁልቁል መውረዱስ የእኔ ሥራ ነው?"

"እኔማ እንደ እርስዎ መናገር መቼ አውቄ።"

አንዱ ሽማግሌ፣ "ከታደሰ ጋር ከመከራከር ከኮርማ ጋር መታገል ይቀላል" ብለው ሳቁ። ተፈረደልኝ።

ያልተናገርሁት ይኸውላችሁ። አርብ ዕለት አያሌው ገበያ እስኪሄድ ጠብቄ፣ ስንጥቁን ሄጄ አይቼው ነበር። እጄን ብሰድድበት እስከ ክርኔ ገባ። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። የፈሰሴ ውሃ እዚያው ሲሰርግ በዓይኔ አየሁ። በማግሥቱ ግን ማስረጃ ጠየቅሁ። ዋሸሁ? አንድ ቃል አልዋሸሁም። የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ግን የሚያውቀውን ነገር አስረዳኝ የሚል ሰው ምን ፈልጎ ነው? ክርክሬ ሁሉ አንዱ ካንዱ ይገጥም ነበር። ልቦና ነው ያልነበረኝ። እውነት ፍለጋ አልቆምሁም፤ ለመርታት ቆምሁ።

በዚያው ክረምት፣ በፍልሰታ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ የአያሌው ቤት በቦታው የለም። አፋፉ ከነቤቱ ወርዷል። የአያሌው ምሽት እናኑ አሟት እቤት ቀርታ ነበር።

አያሌው ዛሬም "እንደምን ዋሉ፣ አያ ታደሰ" ይለኛል። ምነው በሰደበኝ።

ዘንድሮ ስንጥቁ ወደ ማሳዬ ወጥቷል። ከየዝናቡ በኋላ በእርምጃ እለካዋለሁ፤ ወደ ቤቴ እየቀረበ ነው። ትልቋ ልጄ ትናንት አጠገቤ ቆማ፣ "አባዬ፣ እናኑ ከመሞቷ በፊትም እንዲህ ነበር?" አለችኝ። 

እሁድ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ሰብስቤ፣ አያሌው ባለበት እቆማለሁ። ምክንያት አላቀርብም። ያን ጊዜ "ማን አየ?" ብዬ ጠይቄ ነበር።

እኔ አየሁ።