የወይን ጭራሮ ለአራስ ቤት

የደን ጠባቂዎች መጥረቢያዋን ከነጠቋት ወዲህ ድንቅቱ ጫካ መሄድ ፈራች። የሰበታን ክረምት ያለ እሳት መግፋት ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ባሏ ኦቦ ቦጂያ ቁርጥማት ይዞት ከመደብ አይወርድም፤ የልጇ የሞቱማ ሚስት በቀለች የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች።

ጥር ላይ፣ ከመንደሩ በታች ባለው የወይን እርሻ ሠራተኞቹ ወይኑን ሲገርዙ አየች። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ዳር ላይ ከምረው ሊያቃጥሉት ነው። ወደ አለቃቸው ወደ ደገፋ ጠጋ ብላ፣

“ኦቦ ደገፋ፣ እንዲሁ አመድ ከሚሆን ለእኔ ቢሰጡኝስ?” አለችው።

ደገፋ ሳቀ። “ይኼ ጭራሮ ምን ያደርግልሻል? እፍ ሳይሉት ያልቃል።”

“ለእሱ እኔ አለሁለት።”

“እንግዲያው ውሰጂው፤ ለእኛም ግልግል ነው።”

በገመድ እየጠፈረች ተሸክማ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ደረደረችው። ሲደርቅ ቀጭኑ ወዲያው ይንቦገቦጋል፤ ወፍራሙ ደግሞ ደህና ፍም ይወጣዋል። ጎረቤቶቿም አይተው ተከተሏት።

ሐምሌ ላይ በቀለች ወንድ ልጅ ተገላገለች። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ከበረዶ ጋር ይወርድ ነበር። አራሷን ንፋስ እንዳይመታት ድንቅቱ የጓዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በጨርቅ ደፈነች። ቅዳሜ ጠዋት ተፍኪ ገበያ ልትሄድ ስትነሳ፣ የወይኑን ፍም በገል ሞልታ ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠች። የጓዳውንም በር በጆንያ አፍና ወጣች።

መንገድ ላይ ዶፍ ስለያዛት ገበያውን ትታ ተመለሰች። ቦጂያ ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ “ተኝተዋል፤ ልጁም ካለቀሰ ቆየ፣” አላት።

ገና ይህን ስትሰማ ጆንያውን ገፍታ ገባች። በቀለች አንገቷ ከትራሱ ወድቆ አፏን ከፍታለች። ድንቅቱ ሕፃኑን ስታነሳው እጇ ላይ ዝልፍልፍ አለ። ይዛው ወደ ደጅ ሮጠች። ዝናቡ ፊቱን ሲመታው ሰውነቱ ተንፈራገጠ፤ ቆይቶም አለቀሰ። ቦጂያ እቅፍ ውስጥ ጥላው ተመለሰችና በቀለችን በብብቷ ይዛ እየጎተተች አወጣቻት። በቀለች ጭቃው ላይ አስመለሳት፤ ዓይኗን የገለጠችው ከብዙ ጥሪ በኋላ ነው።

ሞቱማ ሲመጣ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር።

“እንጨቱ ነው፣” አለች ጎረቤታቸው ተረፈች። “እርሻው ላይ ወይኑን ሰማያዊ መድኃኒት ይረጩት የለ? መርዙ ነው በጢሱ የወጣው።”

“በሩን ያፈንኩት እኔ ነኝ፣” አለች ድንቅቱ። “ቀዳዳውንም የደፈንኩት እኔ። አየር አጥተው ነው።”

“አዴ ድንቅቱ፣ የአራስ ቤት የማይዘጋው የት አገር ነው?”

ሞቱማ እናቱን ቀና ብሎ አላያትም። “እማዬ፣ እንጨቱ ይሁን በሩ እኔ አላውቅም። ልጄ ግን እዚህ ቤት አያድግም።”

በማግስቱ ሚስቱንና ልጁን በበቅሎ አድርጎ ተጂ፣ አማቾቹ ቤት ወሰዳቸው። ሴቶቹም ጭራሯቸውን ወንዝ ውስጥ ደፍተው እየተደበቁ ወደ ጫካው ተመለሱ።

ድንቅቱ የደፈነችውን ቀዳዳ ሁሉ ከፈተች። በሩን ገርበብ አድርጋ በዚያው ጭራሮ ቦጂያን ታሞቀው ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን እሳቱ በነደደ ቁጥር፣ “ራስህን አመመህ?” እያለች ትጠይቀዋለች። አንድ ቀን እንኳ አላመመውም። ይህን ለጎረቤት ብትናገር የሚሰማት አጣች።

በመስቀል ሞቱማ ብቻውን መጣ። አባቱን ስሞ እሳቱ ዳር ተቀመጠ፤ የሚነደው ምን እንደሆነ አየ።

“ልጁስ?” አለችው።

“ደህና ነው። መሳቅ ጀምሯል።”

“አታመጣልኝም?”

“በቀለች አሻፈረኝ አለች። እኔም አላስገድዳትም።”

ድንቅቱ ያዘጋጀችለትን ቅቤ በቅል አድርጋ አስያዘችው። ሞቱማ ተጂ ላይ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ እዚያው ቀረ። እሷም ከዚያ በኋላ አምጣልኝ አላለችውም።