መምህርት ትርሲትና መንገደኛው የደም ሥር

የሥነ ሕይወት መምህርት የነበሩት ትርሲት ባለፈው ሳምንት ቀራንዮ በሚገኘው ቤታቸው በተቀመጡበት አርፈዋል። በየክፍለ ሀገሩ የተበተናችሁ ተማሪዎቻቸው መርዶውን የሚያደርሳችሁ የለምና፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው እኔ ሲስተር ሙና ይህን ጽፌላችኋለሁ። የቅርብ ዘመድ አልነበራቸውም። ታዲያ ማን ይጻፍላቸው?

ማረፋቸውን ያወቅሁት ግድግዳው ዝም ስላለብኝ ነው። ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርጉት ነበር፤ «ሙና፣ ነይ እይ!» ማለታቸው ነው። ወላሂ፣ አንዳንድ ቀን «ምናለ እግሬን እንኳ ባሳርፍ!» እያልሁ እነጫነጭ ነበር። ያን ዕለት ግን ማንም አልጠራኝም። ሄጄ ባንኳኳ መልስ አጣሁ። በሩን ገፋ ሳደርገው መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አጉሊ መነጽራቸው ጭናቸው ላይ ነበር።

እንዳይ የሚጠሩኝ እንቁላል ነው። አዎ፣ የዶሮ እንቁላል! አምፖል በሚያሞቀው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ከቅርፊቱ ላይ በጥንቃቄ ቆርጠው ትንሽ መስኮት ያወጡለትና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር ይሸፍኑታል። በዚያች መስኮት የጫጩቱ የደም ሥር እንደ ቀይ ክር እየተከፈለ ሲያድግ ቀን በቀን ይታያል። መብራት ሲጠፋ ያለቻቸውን አንዲት ፋኖስ ለሣጥኑ ያስጠጉለታል፤ እርሳቸው ጋቢ ተከናንበው ብርዱን ይችሉታል።

«ደም ሥር እንደ ውኃ ቧንቧ ከውጭ መጥቶ የሚቀበር እንዳይመስልሽ» ይሉኝ ነበር። «ጫፉ ላይ የምትመራ ሕዋስ አለች። እርሷ ትራመዳለች፤ ሌሎቹ ይከተሏታል።»

«እግር የላት፣ በምን ትራመዳለች?» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። «የለቅሶ ድንኳን ሲተከል አይተሽ የለ? ሕዋስም በውስጧ ምሰሶና ገመድ አላት፤ አፅሟ እርሱ ነው። የእኛ አጥንት እንዳለ ይኖራል። የእርሷ ግን ከኋላ እየፈረሰ ከፊት ይተከላል። ድንኳኗን ይዛ ነው የምትሄደው።»

አንድ ጊዜ ለሪህ የሚሰጠውን መድኃኒት በጥብጠው ከእንቁላሎቹ በአንዱ ላይ ጠብ አደረጉበት። መድኃኒቱ ምሰሶዎቹ እንዳይሠሩ ያግዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠርተውኝ ባይ፣ ያ ቀይ ክር መንገዱን ትቶ ጫፉ ወዲህና ወዲያ ተዘበራርቋል። «ሕዋሶቹ አልሞቱም» አሉኝ በቀስታ። «መንቀሳቀስም አላቃታቸው። ፊታቸው በየት በኩል እንደሆነ ነው የጠፋቸው።» ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ባለቤታቸው በዚያ በክፉው ጊዜ ከቤት ተጠርተው እንደወጡ ቀርተዋል። ስለ እርሳቸው አንድም ቀን አላነሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኔ ዘነበወርቅ በሚገኘው ሆስፒታል ቁስል የማጥብና የማሽግ ነርስ ነኝ። ከተማው የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መምህርት እየመጡ ይጠይቁልኝ ነበር፤ እጃቸውን ይጨብጣሉ፣ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። አንድ አዛውንት የእግራቸው ቁስል ቀልቶ ቢያዩ «አበቃልኝ!» ብለው አለቀሱ። መምህርት ጎንበስ ብለው አዩላቸውና «አባባ፣ ይህ ቀዩ ክፉ አይደለም። አዲስ ደም ሥር እየመጣልዎት ነው» አሏቸው።

«ከየት ነው የሚመጣው ልጄ?»

«ከራስዎ ነው አባቴ። ከዳር ካለው ጤነኛ ሥጋ ተነሥቶ እየተራመደ ነው።»

ሽማግሌው በማግሥቱ ፋሻውን ስፈታላቸው «እስቲ እይልኝ፣ የት ደረሰ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን አየሁላቸው።

እንዲህ የሰው ልብ የሚያውቁ ሰው ግን የሰፈራቸውን ልብ አላወቁትም። ያበቃለትን እንቁላል ከቆሻሻ ጋር ሲጥሉት፣ ውሻ ጎትቶ ወይዘሮ በላይነሽ ደጃፍ ላይ አኖረው። መስኮት የወጣለት፣ በፕላስተር የታሸገ፣ ውስጡ ደም! ወይዘሮ በላይነሽ «መተት ተጣለብኝ!» ብለው ሰፈሩን በጩኸት አደበላለቁት። መምህርት ቀበሌ ተጠሩ። ሊቀመንበሩ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ «ጓድ ትርሲት፣ ታዲያ ጫጩቱ መቼ ነው የሚፈለፈለው?» አሉ። አይፈለፈልም አሏቸው። «ለማይፈለፈል እንቁላል ይህ ሁሉ መብራት!» ብለው ተቆጡና፣ ሁለተኛ ውጭ እንዳይጥሉ አስጠንቅቀው ሰደዷቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ራቃቸው። እናቶች ልጆቻቸውን እጅ ይዘው በማዶ ያልፋሉ፤ ሰላምታቸው እንኳ ወደ መሬት ሆነ። እርሳቸው ግን በየእሑዱ በራቸውን ከፍተው ለሚመጣ ሰው መቀመጫ ዱካ ይደረድሩ ጀመር። «ቢያዩት እኮ አይፈሩም» ይሉኛል። ማንም አልመጣም። ማታ ዱካዎቹን አብሬያቸው ሳስገባ ንድድ ይለኝ ነበር። «እርስዎስ ምን አስለመነዎት?» ብላቸው «ለእኔ ብዬ አይደለም፣ ያምራል እኮ ሙና!» አሉኝ። ለእርሳቸውም ጭምር እንደነበር ግን እኔ አውቃለሁ። ብቻቸውን ማየት ሰልችቷቸው ነበር።

መምህርት ሆይ፣ አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው።

ዕድሩ ድንኳንዎን ተከለልዎ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አሳርፈንዎት ስንመለስ ሰው ግቢውን ሞላው፤ ለሞት ማን ይቀራል! እነዚያ ዱካዎችዎ አልበቁም፣ ከየቤቱ ተዋስን። ወይዘሮ በላይነሽ አጠገቤ ተቀምጠው ብዙ ሲቁነጠነጡ ቆዩና «ሲስተር፣ ግን እውነት ምን ነበር የሚያዩት?» አሉኝ። ልቆጣቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። አምፖሉን አላጠፋሁትም ነበርና አንድ እንቁላል ቀርቶልዎ ነበር። አስገብቼ አሳየኋቸው፤ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ።

በማግሥቱ ራሳቸው መጡ። አጎንብሰው አዩና «ቀዩ ክር ትናንት እዚህ ጋ አልነበረም እንዴ? ኧረ ሄዷል! ሄዷል እኮ!» ብለው ጮኹ። ከድንኳኑ ሰው እየተነሣ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ተራ እየጠበቁ፣ አንድ በአንድ አዩልዎት። ወይዘሮ በላይነሽ አለቀሱ። እኔስ? እኔ በናፍቆትዎ ተቃጠልሁ፤ ይህን ሳያዩ ምን አስቸኮለዎት?

ሁሉም ሲሄድ ወደ ቤቴ ገባሁ። ግድግዳውን ኳ ኳ አደረግሁት፤ «መምህርት፣ ይምጡ ይዩ! መጡልዎት እኮ!» ልልዎት። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራሁት እኔ ነበርሁ። መልስዎን ስጠብቅ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ።