ልጄን በክርስትና ስሟ ስጠራት

እናቴ የሞተች ዕለት ካህኑ ፍትሐቱን ሊጀምሩ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ የክርስትና ስሟ ማን ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የመጀመሪያ ልጇ እኔ ነኝ። የጫማዋን ቁጥር አውቃለሁ፤ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ የትኛው ጥርሷ እንደሚያማት አውቃለሁ። የክርስትና ስሟን ግን አላውቅም። የንስሐ አባቷ ከእሷ ቀድመው አርፈዋል። አንዷ አክስቴ ወለተ ሐና ነው አለች፤ ሌላዋ የለም ወለተ ማርያም ነው አለች፤ አስከሬኑ ፊት ሊጨቃጨቁ ደረሱ። ካህኑ እግዚአብሔር የራሱን አይስትም ብለው አንዱን ስም ይዘው ጸለዩ። እኔ እስከ ዛሬ በጸሎት እንዲያስቧት ስሟን ጽፌ ስሰጥ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ይህ የሆነው በአገሬ፣ በጎሬ ነው። ከዚያ በኋላ በሥራ ምክንያት ወደ ላሊበላ መጣሁ። አገሬ ከዚህ በአውቶቡስ የቀናት መንገድ ነው፤ ትዳር የያዝሁትም እዚሁ ነው። የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ስም እጽፋለሁ፤ የሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። አንድ ፊደል ከሳትሁ የአንዱ ካርድ ለሌላው ይወጣል። ስለዚህ በስም ነገር ቀልድ አልወድም።

እንዳረገዝሁ ሳውቅ ወሰንሁ። ልጄ ሌላ ስም አይወጣለትም፤ በጥምቀቱ ዕለት ካህኑ የሚሰጡትን ስም ይዞ ቤትም፣ ደጅም፣ ትምህርት ቤትም በእሱ ይጠራል። እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ሰፈር የሚጠራው፣ አንዱ በጸሎት ብቻ የሚነሣ። ሁለተኛው ይሸሸጋል። ክፉ ሰው ካወቀው መተት ይሠራበታል ይባላል። ይህን እኔም ስሰማ ነው ያደግሁት። እናቴ ስሟን ከልጇ የሸሸገችውም ይህንኑ ፈርታ ነው።

መጀመሪያ ለባለቤቴ ነገርሁት። አስጎብኚ ነው፤ ለእንግዳ የአብያተ ክርስቲያናቱን ታሪክ ሲያወራ የሚያቆመው የለም። ይህን ለእናትህ ንገርልኝ ስለው ግን፣ «አንቺው ንገሪያት፤ እኔ እዚህ ቤት መኖር እፈልጋለሁ» አለኝ።

አማቴ የቄስ ባለቤት የነበሩ፣ ጾም ጸሎታቸውን የማያጓድሉ ሴት ናቸው። ስነግራቸው የሚታጠበውን ጨርቅ እንደያዙ፣ ሌላ ቀን እናወራለን ልጄ አሉኝ። ሴት ልጅ ተወለደች። ሴት የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነውና ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ስም ቆየች። አማቴ እሙዬ ይሏታል። የክትባት ካርዷን እኔው በእጄ አውጥቼ የስሟን ቦታ ባዶ ስተወው፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ የሰውን ሁሉ ስም ስትጽፊ ውለሽ ለራስሽ አለቀብሽ ብላ ሳቀችብኝ።

ሐሳብ ያልሰጠኝ ሰው የለም። እኅቴ ከጎሬ እየደወለች አሁን የሚወደዱትን አጫጭር ስሞች ትደረድርልኛለች፤ ልጆች እማሆይ እያሉ ያስለቅሷታል፣ በኋላ አንቺን ነው የምትጠላሽ ትለኛለች። ይህ ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ልጆች ለመሳለቅ ስም አያጡም። አንዲት ጎረቤቴ ግን፣ ይህ ከሰው ሁሉ እኔ እጸድቃለሁ ማለት ነው አለችኝ። ይቺ ገባችብኝ። ለታይታ ይሆን እንዴ ብዬ ብዙ ቀን ራሴን መረመርሁ። ለታይታ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልፈራም ነበር ብዬ ተውሁት።

ጥምቀቱ ሳምንት ሲቀረው አማቴ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ከባልሽ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ። «ሦስት ዓመቱ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ምን ያለ ቆንጆ ልጅ ነው፣ ስመ ክርስትናው ማን ይባላል አለኝ። እኔ ሞኝ፣ ልጄ ተወደደልኝ ብዬ ነገርሁት። ወር አልሞላም።»

ባለቤቴ ወንድም እንደነበረው አላውቅም ነበር። ቢሆንም፣ እማዬ፣ እርስዎ ስሙ ታውቆ ልጅ ሞተብዎ፤ የእኔ እናት ደግሞ ስሟ ሳይታወቅ ተቀበረች አልኋቸው።

«ያንቺ እናት ኖራ ነው የሞተችው» አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስመ ክርስትና ማኅተም ነው፣ ማኅተሙን የሚፈራ ሌባ ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ደግሞ፣ አማትሽን እንዳታሳዝኛቸው አሉ። ሁለቱን እንዴት አድርጌ አባ ብላቸው፣ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ ብለው አሰናበቱኝ።

የተጠመቀችው በየወሩ በሚታሰበው የመስቀል ዕለት፣ ወሩ በገባ በዐሥር ነው። ካህኑ ወለተ መስቀል አሏት። አማቴ ከሁሉ ቀድመው እልል አሉ፤ ወዲያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ስሟን በልብሽ ያዢው፣ ሌላ ስም ለማውጣት አሁንም አልረፈደም አሉኝ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ሕፃኗን ሊስሙ ከበቡን፤ አንዷ፣ ማን ልትሏት ነው ብላ ጠየቀች። ወለተ መስቀል አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። ጠያቂዋ አማተበች። ከኋላ አንዷ፣ «ቆቧን የምትደፋው መቼ ነው?» ስትል ሳቁ። አማቴ አልሳቁም፤ ነጠላቸውን የሕፃኗ ፊት ላይ ጣል አደረጉ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ወለተ መስቀል፣ እሳቸው እሙዬ እያልን በአንድ ቤት ኖርን። የሰፈሩ ልጆች ወለቴ አሏት። አማቴን ሳልጨቀጭቃቸው፣ እሳቸውም ሳይጨቀጭቁኝ ሰነበትን።

በዘጠኝ ወሯ ሳንባ ምች ያዛት። ትንፋሿ ሲፋጠን ይዣት ወደ ምሠራበት ጤና ጣቢያ ሮጥሁ፤ እንድትተኛ ታዘዘ። የመኝታ ካርዱን የምጽፈው እኔው ነበርሁ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምሁ። አማቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የልጅቷን እግር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አላልሁሽም ወይ አላሉኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ እጸና ነበር። እሙዬ ብዬ ብጽፍ ምን አለበት፣ እስክትድን ብቻ አልሁ። ደግሞ ልጄ በዚህ አልጋ ላይ ብታልፍ በምን ስም ነው የሚፈቱላት አልሁ። ወለተ መስቀል ብዬ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ስም ጻፍሁት፤ ካርዱንም ራስጌዋ ላይ ሰቀልሁት።

በአምስተኛው ቀን ወጣን። መዳኗን ለራሴ ማስረጃ አላደርገውም። ስማቸው የተሸሸገ ሕፃናትም ይድናሉ፤ እንዲሁ ይሞታሉም፤ ካርዳቸውን እኔ ነኝ የማነሣው። መድኃኒቱን ሰጡን፣ ጸበሉን አጠጣናት፣ እግዚአብሔር ማረልን። ይኸው ነው።

ከጤና ጣቢያው ከተመለስን በሳምንቱ ይሁን በሁለት ሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ምስር ስንለቅም፣ አማቴ ቀና ሳይሉ፣ «ለእናትሽ በየትኛው ስም ፈቱላት?» አሉኝ። አንዱን መርጠው ነው፣ ትክክለኛው ይሁን አይሁን አላውቅም አልኋቸው። ትንሽ ጠጠር አውጥተው ጣሉ። የንስሐ አባቴ አርጅተዋል አሉ፤ ባልሽም ከእንግዳ ጋር አገር ለአገር የሚዞር ነው፣ በዚያ ቀን ቤት ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። ልጅቷ ደጃፉ ላይ እየዳኸች ነበር። አማቴ ወደ መንገዱ አዩ፤ ሰው የለም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው ስመ ክርስትናቸውን ነገሩኝ።

«በይው» አሉኝ።

አልሁት።

«እንዲያ አይደለም፤ መጨረሻውን በልተሽዋል።»

ደግሜ አልሁት። አሁን ልክ ነው አሉ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለባልሽም ቢሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አሉኝ። እሺ እማዬ አልኋቸው። በወረቀትም አልጻፍሁትም፤ እዚህም አልጽፈውም። ልጄ ወደ ደረጃው ስትጠጋ ወለተ መስቀል ብዬ ጮህሁ፤ እሳቸው ደግሞ እሙዬ፣ ተመለሺ አሉ።