ሁለቴ የሚጠይቀው ማክሮ

ደብረ ታቦር፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከተደረደሩት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ የዋልልኝ ነው። ቤቱ የዋልልኝ ይሁን እንጂ ባለጉዳይ የሚመጣው ፈንታነሽን ብሎ ነው። «ያች ከዐረብ አገር የመጣችው፣ እጇ የሚበረው» ይሏታል። እውነትም ይበር ነበር። ውል ሊያጽፍ የመጣ ገበሬ ጋቢውን አስተካክሎ ሳይቀመጥ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ትኩስ ትኩሱን ይወጣለታል። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ያገላብጠውና «አለቀ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፍጥነት ያልለመደ ሰው እንዴት ይመን! «አለቀ አባቴ» ትለዋለች።

ምስጢሩ ማክሮ የሚሉት ነገር ነው። ኮምፒውተሩን አንድን ሥራ አንዴ በደንብ አስተምረውት ሲያበቁ፣ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ያንኑ ሳይሰለች ይደግመዋል። ፈንታነሽ ይህን ጥበብ ከዐረብ አገር ከተመለሰች በኋላ፣ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ብቻዋን ነው የለመደችው። የእሷ ድርሻ የባለጉዳዮቹን ስም፣ ቀበሌውን፣ ምሥራቅና ምዕራቡን በየሳጥኑ መሙላት ነው። የቀረውን፣ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው» የሚለውን ጨምሮ፣ ማክሮው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አሰካክቶ፣ በየቅጂው ያትመዋል። ዋልልኝ በዚህ ማክሮ ሲኮራ ላየው ሰው አምጦ የወለደው እሱ ይመስላል።

እሷ ግን ሥራው እንዲህ ከቀለለላት ወዲህ ደስታዋ ሙሉ አልሆነም። መሪጌታ ይሻው ይናፍቋት ነበር።

መሪጌታ ይሻው ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ዋንዛው ጥላ ውስጥ፣ አሮጌ የጽሕፈት መኪናቸውን ሳጥን ላይ አስቀምጠው ለአገሩ ሁሉ አቤቱታና ውል ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፈንታነሽ ከእብናት መጥታ ዘመድ ቤት ተጠግታ በነበረ ጊዜ፣ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አስቀምጠው «ቀስ፤ ፊደል እንደ ሰው ነው፣ ተራውን ይጠብቃል» እያሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሲቆጡ በግዕዝ ይቆጣሉ፤ ስለማይገባት ቁጣው ብዙም አይጎዳትም ነበር።

መሪጌታ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጽፈው ሲጨርሱ ወረቀቱን ከመኪናው አያወጡትም። እዚያው እንዳለ አንገታቸውን አስግገው፣ ወንጌል እንደሚያነብ ዲያቆን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። ባለጉዳዩ ቆሞ ይሰማል። «በምሥራቅ በኩል የእገሌ ማሳ» ሲሉ ከዘራውን አንስቶ ወደዚያው ያመለክታል፤ «በምዕራብ በኩል ወንዙ» ሲሉ ደግሞ ዞር ብሎ ያመለክታል። ቃሉና ከዘራው ከተለያዩ መሪጌታ የሚያምኑት ከዘራውን ነው። ወረቀቱን ይቀድዱና እንደ አዲስ ይጽፋሉ። ምንም ስሕተት ባይገኝ እንኳ አንዴ አንብበው አይተዉም፤ ሁለተኛ ያነባሉ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ፀሐዩ ይከርራል፣ እሳቸው ያነባሉ። ፈንታነሽ ያን ጊዜ በሆዷ «ምን አለበት እኚህ ሰውዬ ባይደክሙ፣ እኛንም ባያደክሙ» ትል ነበር።

ዐረብ አገር ከርማ ስትመለስ መሪጌታ አርፈው ደረሰች። ዋንዛው እዚያው ቆሟል፤ ከሥሩ ግን የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ዣንጥላ ተተክሏል። በዚያ ባለፈች ቁጥር ጆሮዋ የዚያን መኪና ትክትክታ ይፈልጋል። ሳትሰናበታቸው መሄዷ ያንገበግባታል። እጇ እንዲህ ሲበር ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር ወይስ በግዕዝ ይቆጧት ነበር? እያለች ታስባለች።

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከጋፋት በኩል ሁለት ወንድማማቾች የድርሻ ውል ሊያጽፉ መጡ። ታላቁ አባ ጌጡ፣ ታናሹ ጋሽ ምናለ ይባላሉ። ከአባታቸው በቀረው መሬት ላይ አንዲት ምንጭ አለች፤ በበጋ እንኳ የማትነጥፍ፣ ከብት የምታጠጣ፣ ድንችና ሽንኩርት የምታበቅል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም እንዲሉ፣ በዚያች ምንጭ ምክንያት ለዓመታት ተኳርፈው ኖረዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣ ነበር። ሽማግሌዎች ስንት ደክመው አስታረቋቸው። መሬቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ምንጩ ያለበት ምዕራቡ ገሚስ ለታላቁ ደረሰ፣ ሰፋ የሚለው ምሥራቁ ገሚስ ለታናሹ። ሽማግሌዎቹ ሲለያዩ አንድ ነገር አስጠነቀቁ፤ የጠቡ ምክንያት፣ ምንጩ፣ በስሙ አይነሳ፣ ውሉም ውስጥ አይግባ አሉ። የታረቁበትን ነገር መጥራት የዳነ ቁስል መነካካት ነው።

ፈንታነሽ ይህን ሁሉ የሰማችው ኋላ ነው። ያን ለት የምታውቀው ሁለት ወንድማማቾች መሬት እንደሚካፈሉ ብቻ ነበር።

«የርስዎ ድርሻ የትኛው ነው፣ አባ?» አለቻቸው አባ ጌጡን።

«ደጄ ላይ ቆሜ ሳየው ከፊቴ ያለው ለኔ ነው። ከኋላዬ ያለው ለምናለ።»

ሰው ለጸሎት ሲቆም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። እሷም በዚሁ ልማድ «ፊት» ያሉትን ምሥራቅ ብላ፣ «ኋላ» ያሉትን ምዕራብ ብላ ሳጥኖቹን ሞላች። የአባ ጌጡ ደጅ ግን ከምሥራቅ የሚመጣውን የጉና ተራራ ነፋስ ሸሽቶ ወደ ምዕራብ የዞረ ነው። ደጅዎ ወዴት ያያል ብላ አልጠየቀችም፤ ሳጥኑም አይጠይቅም። ቁልፉን ተጫነች፤ ወረቀቱ ወጣ። ለዓመታት የተጣሉባት ምንጭ በአንድ ቁልፍ ለታናሹ ዞረች።

ዋልልኝ የአሻራ ቀለሙን ከፍቶ አቀረበ። አባ ጌጡ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት።

«አታነቢልንም እንዴ ልጄ? መሪጌታ ነፍሳቸውን ይማርና ያነቡልን ነበር።»

ፈንታነሽ አፈረች። አነበበችላቸው፤ የአቶ ጌጡ ድርሻ በምሥራቅ በኩል ያለው ገሚስ፣ የአቶ ምናለ ድርሻ በምዕራብ በኩል ያለው ገሚስ።

«ነው?»

«ነው» አሉ አባ ጌጡ።

«ነው» አሉ ጋሽ ምናለ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን የአባ ጌጡ ከዘራ ጉልበታቸው ላይ እንደተጋደመ ቀርቷል። ያ ሁሉ ምሥራቅና ምዕራብ ሲነበብ ንቅንቅ አላለም። ቅዳሴ ቆሞ ግዕዙን እንደሚሰማ ሰው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልሰሙትም። በአራት ግድግዳ ውስጥ፣ በፎቶ ኮፒው ጩኸት መካከል፣ ማን አቅጣጫውን ያውቃል?

«እስቲ ወደ በረንዳ እንውጣ» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ሰው እየጠበቀ እኮ ነው» አለ ዋልልኝ።

በረንዳው ላይ ቆመው እንደገና አነበበች። «ድርሻዎን በከዘራዎ ያሳዩኝ፣ አባ።»

አባ ጌጡ ከዘራቸውን አነሱና አየር ላይ አቆሙት። «ጉና ወዴት ነው? ይሄ ሞራ ዓይኔን ጋረደውኮ።» ከዚያ ከዘራውን ለወንድማቸው ሰጡ። «እንካ ምናለ፣ አንተ አሳያት።»

ጋሽ ምናለ የወንድማቸውን ከዘራ ያዙ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ የአባ ጌጡን ፊት አዩ። በመጨረሻ ከዘራውን ወደ ምዕራብ ዘረጉት።

«የሱ ይሄ ነው። ደጁ ወደዚህ ነው የሚያይ። አዙረሽ ጽፈሽዋል፣ እቴ።»

ፈንታነሽ ወረቀቱን ቀድዳ እንደ አዲስ አወጣችው፤ እንደገና አነበበችላቸው፤ አሻራቸውን አኑረው ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሮውን ከፍታ ተቀመጠች። ደጅ ወዴት እንደሚያይ የሚጠይቅ ሳጥን ጨመረችበት። የጻፈውን ሁሉ መጀመሪያ በስክሪኑ ላይ አሳይቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አደረገችው። «ለባለጉዳዩ ተነቧል?» ብሎ ይጠይቃል። ተነቧል ስትለው ደግሞ «ሁለተኛ ተነቦ፣ ባለጉዳዩ በእጁ አሳይቷል?» ይላል። ሁለቱንም አዎ ካላለችው ሙጭጭ ብሎ አያትምም።

ዋልልኝ ግን አልተዋጠለትም። «እኛ ማክሮ የሠራን ልንፈጥን ነው። በቅሎ ገዝተሽ በእግር ልትሄጂ ነው?» አላት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«እሺ፣ አንዴ ይጠይቅ፤ ስሕተት አይተናል። የደጁን ነገር አሁን ሳጥኑ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን ምን ያደርጋል? ሰውየው ሰምቶ ‹ነው› ካለ አለቀ።»

መሪጌታ ለምን ሁለቴ እንደሚያነቡ አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። ሁለተኛውን ጥያቄ ያስገባችው ስለናፈቋት ብቻ ነው፤ ማክሮው ቀጥ ባለ ቁጥር እዚያ ዋንዛ ሥር የቆመች ይመስላት ነበር። ናፍቆት ደግሞ ለዋልልኝ ምክንያት አይሆነውም። ባለጉዳይ ሲበዛ፣ ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚሄደው ሲበረክት እሷም ተረታች። «ፋሲካ ይለፍና አወጣዋለሁ» አለችው።

ፋሲካ አልፎ፣ ልታወጣው ባሰበችበት ቅዳሜ፣ ጋሽ ምናለ ብቻቸውን መጡ። በሬ ሸጠው ውል ሊያጽፉ ነው፤ ገዢው በሬውን ይዞ ከደጅ ቆሟል። ፈንታነሽ ጻፈች፤ ማክሮው ቆመ፤ አነበበችላቸው።

«ነው?»

«ነው።»

ዋልልኝ ከፕሪንተሩ አጠገብ ሆኖ ዓይኑን አጉረጠረጠባት። እንዳላየ ሆና ሁለተኛ አነበበች። «ነው ወይ፣ ጋሽ ምናለ?»

ጋሽ ምናለ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን አልቆየም። ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።

«ያን ለት እዚሁ ቤት መጀመሪያ ስታነቢው ሰምቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ምንጩ ወደኔ መዞሩን። ጆሮዬ ደኅና ነው። ‹ነው› ያልሁሽ እያወቅሁ ነው» አሉ። «እግዜር ሰጠኝ ብዬ ነበር። ኋላ እንደገና ስትጠይቂ፣ እሱም ዓይኔ አያይም ብሎ ከዘራውን እጄ ላይ ሲያኖርብኝ፣ አቃተኝ። አንዴውን ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛውን አልቻልሁም።»

ፈንታነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሁለተኛ ባትጠይቂኝ ኖሮ» አሉ ጋሽ ምናለ፣ «ዛሬ ምንጭ ነበረኝ፤ ወንድም አልነበረኝም።»

ዋልልኝ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ቁልፉን ልትጫኚው ነው?»

«ቆይ» አለች ፈንታነሽ፤ «የበሬውን ገና አልመለሱልኝም።»

ጋሽ ምናለ በበሩ በኩል ደጅ የቆመውን ቀይ ቦቃ በሬ በእጃቸው አሳይተው፣ «ነው» አሉ።